ሸክላን ሳያስመስሉ ማሳየት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው የስልክ መስመራችን፣ በእጅ የተሠራ ሸክላን በማኅበራዊ ሚዲያ ስለማሳየት የቀረቡትን ጥያቄዎች የሸክላ ባለሙያ እንግዳችን መልሰዋል።

አንዲት አድማጭ፦ «ሥራዬን አፍጥኜ በአጭር ቪዲዮ ስለቅቅ ብዙ ሰው ያየዋል፤ ሙሉውን ሳሳይ ማንም አይቆይም። ማፍጠን ማታለል ነው?»

ማፍጠኑ ምንም አይደለም፤ የሚያሳስበኝ ተቆርጦ የሚቀረው ነው። አብዛኛው ቪዲዮ ጭቃው ሲቦካና ሲድቦለቦል አሳይቶ በቀጥታ ወዳለቀው ዕቃ ይዘልላል። ማድረቁና ማቃጠሉ የሉም። የሙያው ፈተና ያለው ግን እዚያ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ዕቃ እሳት ሲነካው ውኃው እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ያፈነዳዋል። በጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ደግሞ 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መጠኑ በድንገት ይለወጣል፤ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም። ከፍም ውስጥ ተቸኩሎ የወጣ ዕቃ የሚነቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያፍጥኑት፤ ነገር ግን ማድረቁ ስንት ቀን እንደፈጀና ከእሳቱ ዳር ለምን እንደጠበቁ ይጻፉበት። የነቃውንም ያሳዩ። እሳት የገባው ሁሉ አምሮ ሲወጣ ሳይ እኔ ራሴ እጠራጠራለሁ።

ሌላ አድማጭ፦ «ፎቶውን በማጣሪያ ሳሳምረው፣ ገዢዎች ቀለሙ ሌላ ነው ብለው ያማርራሉ።»

እውነታቸውን ነው። ዕቃው በግልጽ እሳት ሲቃጠል አየር ያገኘው ጎኑ፣ ጭቃው ብረት ካለው ይቀላል፤ ታፍኖ ጭስ የጠጣው ይጠቁራል። ጥቁሩን ነጥብ ከፎቶው ላይ ሲያጠፉ የእሳቱን ሥራ አጠፉ ማለት ነው። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሳን ኢልዴፎንሶ የተባለው መንደር ሸክላ ሠሪ ማሪያ ማርቲኔዝ ከባለቤቷ ከጁሊያን ጋር ዓለም ያወቀውን ጥቁር ሸክላ የሠራችው፣ በድንጋይ የተወለወለውን ዕቃ እሳቱን በደቀቀ ፋንድያ አፍና በማጥቆር ነበር። ስለዚህ ጥላ ባለበት በቀን ብርሃን ያንሡት፤ መጠኑ እንዲታወቅ እጅዎን ከአጠገቡ ያድርጉ፤ ውስጡንና መቀመጫውንም ያሳዩ።

ሦስተኛው ጠያቂ፦ «የማሳየው የሌሎችን ሥራ ነው። ስማቸውን መጥቀስ አለብኝ?»

አስቀድመው ይጠይቋቸው። ፊቷ እንዲታይ የማትፈልግ፣ ስሟ ግን እንዲጻፍ የምትፈልግ አለች፤ ተቃራኒውም አለ። በየሙዚየሙ የሴቶች እጅ የሠራቸው ስንት ማሰሮዎች የብሔረሰብ ስም ብቻ ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል! ናይጄሪያዊቷ ሸክላ ሠሪ ላዲ ክዋሊ ግን በስሟ ታወቀች፤ ምስሏም በ20 ናይራ ኖት ላይ ታትሟል። ሙያው የማኅበረሰብ ሲሆን ደግሞ የማን እንደሆነ ይጻፉ። በቱኒዚያ የሴጅናን ሴቶች የሸክላ ሙያ በ2018 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የሰው ልጆች ወካይ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ስፍራውም ሴቶቹም በስያሜው ውስጥ ገብተዋል። «የጥንት ምስጢር» የሚለውን መግለጫ ግን እባክዎ ይተዉት፤ ማንንም አይጠቅስም።

የመጨረሻዋ ጠያቂ፦ «ውኃ አያሳልፍም ብዬ ብጽፍስ?»

መስተዋት መሰል ቅብ ከሌለው በዝቅተኛ ሙቀት የተቃጠለ ሸክላ ውኃ ያሳልፋል። በላዩ ላይ የሚያልበው ውኃ ሲተን ነው ውስጡን የሚያቀዘቅዘው። «ውኃ ያቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ሳህን ያድርጉለት» ብለው ይጻፉ።