ዘመን ተሻግሬ የማንኳኳው በር

ክቡራን አባቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤

ለዛሬው ጉባኤ የተሰጠኝ ርእስ ከወጣቶቻችን የቀረበ ጥያቄ ነው፦ ዘመንን ተሻግሮ ወደ ኋላ መሄድ ቢቻል፣ ክርስትና ሲጀመር በዓይናችሁ ለማየት የት ትሄዱ ነበር? ጥያቄው የልጅ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከልቤ ወስጄዋለሁ። እምነታችን መቼና የት እንደሆነ በማይታወቅ ተረት አልጀመረም። በጸሎተ ሃይማኖት «በመዋዕለ ጲላጦስ ጴንጤናዊ» ስንል የአንድን የሮማ አገረ ገዥ ስም ጠርተን ዘመኑን እንቆጥራለን። የዚያ ሰው ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሣርያ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ አገሩም ዘመኑም የታወቀ ነውና፣ በሐሳብ መንገድ መጀመር ይቻላል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችሁ ቤተ ልሔምን ወይም ጎልጎታን እንደምትመርጡ አውቃለሁ። የማንም ክርስቲያን ልብ ወደዚያ ነው። ነገር ግን እዚያ ብቆም ምን አይ ነበር? ሮማውያን ሰው የሚሰቅሉት አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዲፈራ በአደባባይና በመንገድ ዳር ነበር። ለፋሲካ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ በዚያ ዓርብ ከከተማው ቅጥር ውጭ ሲያልፍ ያየው ሦስት የተፈረደባቸውን ሰዎች ነው። ሰንበት ሳይገባበት ለመድረስ እየተጣደፈ አልፎ ሄዷል። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት እንኳ ጌታ አጠገባቸው ሲራመድ አላወቁትም። አብረውት የኖሩት ካላወቁት፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የመጣሁት ባዕድ የሞት ቅጣት ብቻ አይቼ እንዳልመለስ እፈራለሁ።

በመንገዴ ላይ በገሊላ ባሕር ዳርቻ ጥቂት ብቆም ግን ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1986 ድርቅ የሐይቁን ውኃ ባሸሸው ጊዜ ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች ከጭቃው ውስጥ የአንደኛው ክፍለ ዘመን ጀልባ አገኙ። ርዝመቱ ስምንት ሜትር ከጥቂት ነው። ያስደነቀኝ እንጨቱ ነው፦ አሥራ ሁለት ዓይነት። ዝግባም አለበት፣ ዋርካም አለበት፣ ከሌላ አሮጌ ጀልባ የተነቀለ ጣውላም አለበት። ባለቤቱ አንዱ ሲበሰብስ ያገኘውን እየተካ፣ እየለጠፈ ዕድሜውን አራዝሞታል። የጴጥሮስ ጀልባ ነው የሚል ማስረጃ የለም፤ ያ ጀልባ ግን ጴጥሮስና እንድርያስ ይኖሩበት የነበረውን የኑሮ ደረጃ ያሳያል። ጌታ «ተከተሉኝ» ያላቸው ሰዎች ምናልባት አዲስ ጣውላ መግዛት የሚቸግራቸው ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ ግን ጉዞዬን ወደ ምዕራብ እቀጥላለሁ። የማንኳኳው በር በግሪክ አገር፣ በቆሮንቶስ ከተማ ነው፤ ጊዜው 54 ወይም 55 አካባቢ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን፣ ምሽት ላይ።

ለምን ቆሮንቶስ? ከተማዋን ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 አፍርሰዋት ነበር፤ በ44 ዩልዮስ ቄሣር እንደ አዲስ አስቆረቆራት። ካሰፈረባት ሕዝብ ብዙው ከባርነት ነጻ የወጣ ነው። በምሥራቅ ክንክራኦስ፣ በምዕራብ ሌካዮን የሚባሉ ሁለት ወደቦች ስላሏት ገንዘብ ይገባባታል፤ ትናንት የተሸጠ ሰው ዛሬ ባለጠጋ ሊሆንባት ይችላል። ጳውሎስ በዚህች ከተማ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል። ቀላውዴዎስ ቄሣር ከሮም ካስወጣቸው ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነው የሰበከው። አይሁድ ወደ አገረ ገዥው ወደ ጋልዮስ ፊት ያቀረቡትም እዚሁ ነው። የጋልዮስ ስም በዚያው በግሪክ አገር በዴልፊ በተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ስላለ፣ ነገሩ በ51 ወይም በ52 ገደማ እንደሆነ እናውቃለን። የጳውሎስን ሕይወት ዘመን የምንቆጥረው በአብዛኛው ከዚህ ተነሥተን ነው።

እንግዲህ በሩ ተከፈተልኝ እንበል። የምገባው ቤተ መቅደስ አይደለም። የአንድ ሀብታም ክርስቲያን መኖሪያ ቤት ነው፤ ምናልባት ጳውሎስ «የቤተ ክርስቲያን ሁሉ አስተናጋጅ» የሚለው የጋይዮስ ቤት ሊሆን ይችላል። በግድግዳው ላይ መስቀል የለም፣ ሥዕል የለም። የወንጌል መጽሐፍም የለም፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚሉት አራቱ ወንጌሎች ገና አልተጻፉም። የቆሮንቶስ ሸክላ ሠሪዎች የሚታወቁበት የዘይት መብራት ተለኩሷል። በጊዜው የነበረ የባለጠጋ መመገቢያ ክፍል ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ያህል ሰው በክንዱ ተደግፎ የሚበላበት ነው። የተቀረው እንግዳ ግቢው ውስጥ ይቆማል ወይም መሬት ላይ ይቀመጣል።

እኔ ግቢው ውስጥ ካሉት ጋር መቆም እመርጣለሁ። እሑድ ያን ጊዜ የዕረፍት ቀን አይደለም፤ ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ሕግ አውጥቶ እሑድን የዕረፍት ቀን ያደረገው በ321 ነው። ስለዚህ ባሪያው ጌታውን አገልግሎ ሳይጨርስ አይመጣም። የወደቡ ሸክመኛ መርከቡን ሳያራግፍ አይመጣም። ጊዜ ያላቸው ቀድመው ደርሰው በልተዋል፣ ጠጥተዋል። እነዚህ ደክመው ሲገቡ እንጀራው አልቋል።

በዚህ ምሽት ጳውሎስ ካለበት ከኤፌሶን ደብዳቤ መጥቷል፤ ዛሬ አንደኛ ቆሮንቶስ የምንለው ነው። ከቀሎዔ ቤት የሆኑ ሰዎች የማኅበሩን ጠብ ለጳውሎስ ነግረውታል። እስጢፋኖስ፣ ፈርዶናጥስና አካይቆስም ባሕር ተሻግረው ጎብኝተውታል። እርሱም መልሱን ልኳል። ደብዳቤ ማንበብ የሚችለው ጥቂቱ ስለሆነ አንድ ሰው መብራቱ አጠገብ ቆሞ ለሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሙሉውን ለማንበብ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የመመገቢያው ክፍል ሰዎችም የግቢው ሰዎችም እኩል ይሰማሉ።

መጀመሪያ ስለ መከፋፈላቸው ይመጣል፤ አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ አንዱ የአጵሎስ ነኝ፣ አንዱ የኬፋ (የጴጥሮስ) ነኝ ማለታቸው። ከዚያ በአሕዛብ ፍርድ ቤት ስለ መሟገታቸው፣ ስለ ጋብቻ፣ ለጣዖት ስለ ታረደ ሥጋ። ቀጥሎ ግን አንባቢው እዚህ ላይ ይደርሳል፦ «በመብላት ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን እራት ይበላልና፤ አንዱም ይራባል አንዱ ግን ይሰክራል።» ደግሞም «አንዳችም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን?» ይላል። እኔ ዘመን ተሻግሬ የሄድኩት ይህን ሰዓት ለማየት ነው። የቤቱ ጌታ ፊት ምን ይመስላል? ግቢው ውስጥ በባዶ ሆዱ የቆመው ባሪያ፣ የእርሱ ረኃብ በሐዋርያ እጅ ተጽፎ፣ በጌታው ቤት፣ በጌታው ፊት ሲነበብ ሲሰማ ዓይኑን ወዴት ያደርጋል? በዚያ ዘመን ስለ አንድ ባሪያ ያለፈ እራት ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ነበር?

እዚህ ላይ እንድታስተውሉልኝ የምለምነው አንድ ነገር አለ። በየቅዳሴው ካህኑ «በይእቲ ሌሊት እንተ ባቲ አግብእዎ» ሲል የምንሰማው፣ ጌታ አልፎ በተሰጠበት ሌሊት ኅብስቱን አንሥቶ የተናገረው ቃል፣ እስካሁን በምናውቀው ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ የሚገኘው በዚሁ ደብዳቤ፣ በዚሁ ምዕራፍ ነው፤ ከላይ ካነበብነው ወቀሳ ቀጥሎ። ጳውሎስ ራሱ ከእርሱ በፊት የተቀበለውን እንዳስተላለፈ ይናገራል። በጽሑፍ እንዲያሰፍረው ምክንያት የሆኑት ግን ዘግይተው መጥተው የተራቡ ድኾች ናቸው። ባለጠጎቹ ቢጠብቋቸው ኖሮ ምናልባት ይህን ክፍል አይጽፈውም ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ንባቡ ይቀጥላል። ወደ መጨረሻው ስለ ትንሣኤ ይመጣል። ክርስቶስ ለኬፋ፣ ለአሥራ ሁለቱ፣ ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች እንደታየ ይዘረዝርና፣ ከእነዚህ የሚበዙት እስከ አሁን አሉ ይላል። ስቅለቱ ካለፈ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያህል ነው። ያ የወደብ ሸክመኛ ቢፈልግ ወደ ምሥራቅ በሚሄድ መርከብ ተሳፍሮ ያዩትን ሰዎች መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። በመጨረሻም የጸሐፊው እጅ ያቆምና ጳውሎስ ራሱ ብዕሩን ይዞ ሰላምታውን ይጽፋል። አንባቢው ጥቅልሉን ዘርግቶ የተለየውን የእጅ ጽሑፍ ለቀረቡት ያሳያቸው ይሆናል።

አንዳንድ ሰው የመጀመሪያዋን ቤተ ክርስቲያን ሲያስብ ጠብ የሌለባት፣ ሁሉም መልአክ የሆነባት ያደርጋታል፤ ከዚያም የዛሬውን እያየ ያዝናል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያ ቤት የነበሩት እንደኛ ነበሩ። ታላቅነታቸው ሌላ ቦታ ነው፦ ደብዳቤውን አልቀደዱትም። የቤቱ ጌታ ያሳፈረውን ጽሑፍ እሳት ውስጥ መጣል ይችል ነበር። እነርሱ ግን አስቀመጡት። በ96 ገደማ የሮም ቤተ ክርስቲያን በቀሌምንጦስ እጅ ለቆሮንቶስ ስትጽፍ ዳግመኛ ስለ ጠባቸው ወቀሰቻቸው፤ የብፁዕ ሐዋርያውን የጳውሎስን ደብዳቤ አንሡና አንብቡ አለቻቸው። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላም እጃቸው ላይ ነበር። እየገለበጡ ለሌሎችም አካፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በግብፅ የተገለበጠ የፓፒረስ ቅጂ ዛሬ በከፊል በአየርላንድ ዳብሊን፣ በከፊል በአሜሪካ ሚሺጋን ይገኛል፤ ይህ መልእክት በውስጡ አለ። የገዛ ኃፍረታቸውን ጠብቀው ለዓለም ያስረከቡ ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ነው ዲያቆኑ በቅዳሴ የጳውሎስን መልእክት ሲያነብ ትኩረት እንዲሰጠው አጥብቄ የምለምነው። የምንሰማው በከፊል በከፊል ስለሆነ ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተጻፈ እንዘነጋለን። ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ምሽት እንሰብሰብና አንደኛ ቆሮንቶስን ከምዕራፍ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ሳናቋርጥ፣ አንድ ሰው ቆሞ እያነበበ፣ ሌሎቻችን እየሰማን እንጨርሰው። ከንባቡ በኋላ አብረን እራት እንብላ። ከእኛ መካከል በዘበኝነት፣ በታክሲና በሱቅ ሥራ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት የሚቆዩ አሉ፤ ንባቡ እነርሱ ከገቡ በኋላ ይጀመር፤ እንጀራውም ሳይደርሱ አይቆረስ። አባቶች ከፈቀዱልን ቀኑን ዛሬውኑ እንወስን።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።