ሕይወት እንዴት እንደጀመረ ሳናውቅ ዝግመተ ለውጥን ማወቅ ይቻላል?

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሰ» በጠመኔ ይጻፋል]

እስኪ ይህችን ፊደል እዩዋት። ሰ። አሁን አናቷ ላይ አንዲት ሰረዝ ልጨምርባት። ሸ ሆነች።

ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀም እንደዚሁ ናቸው። ግዕዝ ሸ፣ ቸ፣ ኘ እና ጀ የሚባሉ ፊደላት አልነበሩትም። አማርኛ መጻፍ ሲጀምር ግን ድምፆቹ ፊደል ፈለጉ። ስለዚህ በነበሩት ላይ ምልክት እየተጨመረ አዲሶቹ ተገኙ።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «የሰው ልጅ መጀመሪያ እንዴት አፉን እንደፈታ ካላስረዳኸኝ፣ ሸ ከሰ መገኘቷን አልቀበልም» ቢለኝስ? ጥያቄህ ትልቅ ነው፣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው እለዋለሁ። የሸ ማስረጃ እዚሁ ሰሌዳው ላይ አለ።

በዝግመተ ለውጥ ላይ በየጊዜው የሚነሳው ክርክርም ይኸው ነው። «የመጀመሪያው ሕይወት ከየት መጣ? ይህን ካልመለሳችሁ ሌላው ሁሉ ውድቅ ነው» ይባላል። አይደለም።

ፊደልን የቀየሩት ሰዎች አስበውበት ነው፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ሕያዋን ሲለወጡ እንዴት እንደሆነ ለማየት ስንዴ ማሳ ውስጥ እንግባ።

[ምስል፦ የስንዴ አገዳ በቅርበት፣ ቀይ ቁስሎች]

ይህ የግንድ ዋግ ነው። አገዳውን በጣታችሁ ስታሹት የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት ይይዛችኋል። ዱቄቱ የፈንገሱ ዘር ነው፣ በነፋስ ይጓዛል። ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ገበሬው የወደደው ዋግን ስለሚቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግን ባሌ ውስጥ ዲገሉን የሚያጠቃ የዋግ ዓይነት ተነስቶ ማሳውን ፈጀው። ደክሞ ላረሰ ሰው ይህ እንዴት ያለ ሐዘን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዋግ በብዛት ይራባል። ሲራባ አልፎ አልፎ ከወላጁ የተለየ ይወለዳል፤ ልዩነቱም ለልጅ ይተላለፋል። አገሩ ሁሉ አንድ ዝርያ ሲዘራ፣ ያንን ዝርያ መስበር የቻለው ዋግ ማዕድ ሞልቶለት ይጠብቀዋል። ሌላው ይቀራል፣ እሱ ይበዛል። ዝግመተ ለውጥ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ የሚራባ፣ የሚለያይ እና እኩል የማይተርፍ ነገር። የዋግ የመጀመሪያ ቅድመ አያት ከየት መጣ የሚለው ስሌቱ ውስጥ የለም።

ለአማኝ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር። የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ያስተዋወቀው ዳርዊን ራሱ፣ በ1860 በወጣው «የዝርያዎች አመጣጥ» የተባለ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም መዝጊያ ላይ፣ ፈጣሪ በጥቂት ወይም በአንድ ፍጥረት ላይ ሕይወትን እፍ እንዳለ አድርጎ ጽፏል። የመጀመሪያዋን ሕዋስ እግዚአብሔር ፈጠራት ብትሉ እንኳ፣ የልጅ ልጆቿ መለወጣቸው አይቀርም።

[ምስል፦ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ]

ይህን ስል ግን የጅማሬው ጥያቄ ተራ ነው ማለቴ አይደለም። በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ዳርዊን በ1871 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሕይወት ተጀምሮባት ሊሆን ስለሚችል አንዲት ትንሽ ሞቃት ኩሬ አሰበ። በ1953 ኬሚስቱ ስታንሊ ሚለር ውሃ፣ ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን ዘግቶ ብልጭታ ሲለቅበት አሚኖ አሲዶች ማግኘቱን አሳተመ። አሚኖ አሲድ ሕይወት አይደለም፣ የሕይወት ጡብ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚነካኩበት ቦታም አለ። አር ኤን ኤ የሚባለው ሞለኪውል መረጃ ይይዛል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ኢንዛይም የኬሚካል ለውጦችን ያፋጥናል። ቶማስ ቼክ እና ሲድኒ አልትማን በ1989 ኖቤል የተሸለሙት ይህን በማግኘታቸው ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ እንዲህ ያለ ሞለኪውል ሕዋስ ከመኖሩ በፊት ራሱን መገልበጥ ከጀመረ፣ ሲገለብጥ ይሳሳታል። ከስህተቶቹ መካከል ቶሎ የሚገለበጠው ይበዛል። በዋጉ ላይ ያየነው የዝግመተ ለውጥ ሥራ ከዚያች ሰዓት ይጀምራል፤ ከዚያች ሰዓት በፊት ያለው የኬሚስቶቹ ነው።