ባላሳራስዋቲ፦ “ዳንሱን እናጽዳው” ሲሏት እምቢ ያለችው ዳንሰኛ

(ምስል፦ ባዶ መድረክ። ከጀርባ የቃጭል ድምፅ ይሰማል።)

የዘፈኑ ስንኝ አጭር ነው። “ክሪሽና፣ ቶሎ ና!” ይላል። እናት ልጇን እየጠራች ነው።

ስንኙ ይደጋገማል። ዳንሰኛዋ ግን አንዴ የሠራችውን አትደግምም። መጀመሪያ በእጇ ትጠራዋለች። አልመጣም። ቅቤ ታሳየዋለች። (ክሪሽና በልጅነቱ የለየለት ቅቤ ሌባ ነበር። ይህን ህንድ ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል።) አሁንም አልመጣም። ጣቷን ትቀስርበታለች፣ ትቆጣለች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋ ያመልጣታል። ፊቷን አዙራ ታኮርፋለች። በዓይኗ ጥግ ግን መጣ አልመጣ እያለች ትሰርቀዋለች።

ከዚያ ዘፈኑ ወደ ሌላ ስንኝ ይሻገራል። እናትየው ልጁ አፈር የበላ መስሏት አፉን አስከፍታ ታያለች። ውስጡ ዓለም በሙሉ አለ። ምድሩም ሰማዩም። ቅድም በቁጣ የተኮሳተረው ፊት ቀስ ብሎ ይፈታል። ይደነግጣል። አምላክን ስትቆጣው እንደነበር የገባት ያኔ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዳንሰኛዋ ከቆመችበት ብዙም አልራቀችም። ዓይን፣ ቅንድብ፣ አንገትና ጣት ነው የሠራው። በዚያ ላይ ዘፈኑን ራሷም ትዘፍነዋለች።

(ምስል፦ የባላሳራስዋቲ ፎቶ።)

ስሟ ታንጆር ባላሳራስዋቲ ነው። የሚያውቋት “ባላ” ይሏታል፣ እኛም እንደዚያው እንበላት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1918 ማድራስ ከተማ ተወለደች። ዛሬ ቼናይ የሚሏት ማለት ነው፣ ደቡብ ህንድ። የምትደንሰው ባራታናትያም ይባላል። የህንድ ፊልም እያየን ላደግን ሰዎች የህንድ ዳንስ ማለት ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ተራራ ላይ የሚጨፍረው ነው። ይሄኛው እሱ አይደለም። አንዲት ሴት ብቻዋን ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ መድረክ ላይ ትቆያለች።

ባላ ለዚህ ሙያ አዲስ ሰው አልነበረችም። በቤተሰቧ ሰባተኛዋ ትውልድ ናት። ሙያው ከእናት ወደ ሴት ልጅ ነው የሚወርደው። አያቷ ዳናማል ቪና የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ በመጫወት በዘመኗ አቻ አልነበራትም። ስሟ ራሱ “ቪና ዳናማል” ሆኖ ቀርቷል። አርብ አርብ ማታ ቤቷ ውስጥ ትጫወታለች፣ የከተማው አሉ የተባሉ ሙዚቀኞች መጥተው ወለል ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ወሬ የለም፣ ሹክሹክታ የለም። እናቷ ጃያማል ዘፋኝ ናት። ከወንድሞቿ አንዱ ዋሽንት ነፊ፣ ሌላው ከበሮ መቺ። እዚያ ቤት ውስጥ ሙዚቃ አለመቻል ነበር የሚከብደው።

ባላ በአራት ዓመቷ ለአስተማሪ ተሰጠች። አስተማሪው ካንዳፓ ፒላይ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ታንጆር ከተባለችው የደቡብ ህንድ ከተማ የወጡት የአራቱ ወንድማማቾች ዘር ናቸው። እነዚህ ወንድማማቾች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በታንጆር ቤተ መንግሥት ሆነው የዛሬውን የባራታናትያም ዝግጅት ቅደም ተከተል ያስያዙ ሰዎች ናቸው።

ካንዳፓ ቀልድ አያውቁም። ትምህርቱ ከእግር ነው የሚጀምረው። ጉልበትን ወደ ጎንና ጎን ከፍቶ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ፣ በግማሽ መቀመጥ። በዚህ አቋቋም ላይ ሆኖ መሬቱን በባዶ እግር መርገጥ። አስተማሪው በዱላ እንጨት እየመታ ምት ይሰጣል። ምቱ ይፈጥናል፣ እጥፍ ይሆናል፣ እንደገና እጥፍ ይሆናል። ተማሪዋ ወገቧን ከፍ ካደረገች ጉድ ፈላ። ከዚያ የእጅ ምልክቶቹ ይመጣሉ። ጥንታዊው መጽሐፍ ለአንድ እጅ ብቻ 28 ምልክት ይቆጥራል። በአንዱ ምልክት አበባ ይያዛል፣ ቀስት ይሳባል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ እንደ አገባቡ።

(ምስል፦ የካንቺፑራም ቤተ መቅደስ።)

በ1925 ባላ በሰባት ዓመቷ ካንቺፑራም በሚገኝ ቤተ መቅደስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ደነሰች። ዘመዶቿ ብዙዎቹ አልተስማሙም ነበር። “ልጅቷን ለምን ታስደንሻታለሽ?” እያሉ እናቷን ሲወተውቷት ነበር። ራሳቸው ከዳንስና ከሙዚቃ ቤት ወጥተው እንዴት እንዲህ ይላሉ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት አለብን፣ ምክንያቱም የባላ ሕይወት ሙሉውን በዚህ ጥያቄ ላይ ነው የቆመው።

ባላ የወጣችበት ማኅበረሰብ ዴቫዳሲ ይባላል። የዴቫዳሲ ሴት በሥርዓት ለቤተ መቅደሱ አምላክ ትዳራለች። ባሏ አምላክ ነውና መቼም መበለት አትሆንም። ለህንድ ሴት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ንብረት ትወርሳለች፣ ማንበብና መጻፍ ትችላለች፣ ግጥምና ዜማ ታውቃለች። በሌላ በኩል ሰው አታገባም። ከንጉሥ፣ ከባለ ርስት ወይም ከነጋዴ ጋር ትኖራለች፣ ትወልዳለች። በቤተ መንግሥቶቹ ዘመን ይህ የሚያስከብር ኑሮ ነበር። እንግሊዞች ገብተው ነገሥታቱ ሲዳከሙ የቤተ መቅደሱም የቤተ መንግሥቱም ድጎማ ደረቀ። ከዚያ በኋላ የብዙዎቹ ዕጣ ችግር ሆነ። ሚስዮናውያኑና እንግሊዝኛ የተማሩት ህንዶች በአንድ ድምፅ “ይህ ሴተኛ አዳሪነት ነው” አሉ። ከ1890ዎቹ ጀምሮ በተከበሩ ሰዎች ግብዣ ላይ ዳንሰኛ እንዳትጠራ ዘመቻ ተከፈተ።

እኛ አገር አዝማሪ በየሠርጉና በየግብሩ ይፈለጋል፣ “ልጃችሁን ላግባ” ሲል ግን ፊት ይነሣ ነበር። የዴቫዳሲዎቹ ነገር ከዚህም ባሰ፣ ምክንያቱም ሕግ መጣባቸው።

ሴት ልጅን ለቤተ መቅደስ አምላክ መዳርን የሚከለክለውን ሕግ ካስጀመሩት አንዷ ሐኪሟ ሙትሁላክሽሚ ሬዲ ናት። በ1927 ማድራስ ምክር ቤት የገባች ሴት ናት፣ የገዛ እናቷም ከዚያው ማኅበረሰብ ነች። ስለዚህ የምትናገረውን ታውቃለች። ነፍስ ያላወቁ ሕፃናት በስመ አምላክ ይዳሩ ነበር፣ ይህ ሐሰት አይደለም። እኔም ብሆን ሕጉን ልቃወም አልችልም። ክፋቱ፣ ሴቶቹን ከችግር ለማውጣት የተነሣው ዘመቻ እግረ መንገዱን ሙያቸውንም መንጠቁ ነው። ሕጉ በ1947 ማድራስ ላይ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ዴልሂ ላይ የነጻዋ ህንድ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ የተሾመው ሻንሙካም ቼቲ ነበር። የባላ ልጅ አባት። በሕግ አልተጋቡም።

(ምስል፦ የማድራስ የሙዚቃ አካዳሚ አዳራሽ።)

ከሕጉ በፊትም ግን ሌላ ነገር ተጀምሯል። ዳንሱ በዴቫዳሲዎቹ ዘመን “ሳዲር” ነበር የሚባለው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የማድራስ የሙዚቃ አካዳሚ ሰዎች ስሙን ለውጠው “ባራታናትያም” አሉት፣ መድረክም ሰጡት። ባላም በ1933 እዚያ ደነሰች። ገና 15 ዓመቷ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዝነኛው ዳንሰኛ ኡዳይ ሻንካር አይቷት ተደንቆ ነበርና ካልካታ ሄዳ እንድትደንስ መንገድ ተከፈተላት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ሴት ብቅ አለች። ሩክሚኒ ዴቪ። ከብራህሚን (ከላይኛው የካህናት ወገን) ቤተሰብ ነች፣ ባሏ እንግሊዛዊ ነው። በሠላሳ ዓመቷ ዳንስ ተምራ በ1935 መድረክ ላይ ወጣች። አገር ጉድ አለ፣ የጨዋ ልጅ ደነሰች ተብሎ። በዓመቱ ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመች። ዛሬም አለ። ልብሱን አሳመረች፣ መብራት አስገባች፣ ከዳንሰኛዋ ጀርባ እየተከተሉ ይጫወቱ የነበሩትን ሙዚቀኞች ከመድረኩ ጎን አስቀመጠች። የፍቅር ዘፈኖቹን ግን መረጥ መረጥ አደረገቻቸው። ያፈነገጡ የመሰሏትን ተወቻቸው፣ አምልኮውን አጎላችው። በአጭሩ ዳንሱን ለጨዋ ቤት እንዲመች አጸዳችው።

ባላ በዚህ ነው ያበደችው።

እሷ እንደምትለው ባራታናትያም ውስጥ እንደገና የሚጸዳ አንዳች ነገር የለም። ያለው ሁሉ ከመሠረቱ ቅዱስ ነው። በዘፈኖቹ ውስጥ ሴቲቱ ፍቅረኛዋን ትናፍቃለች፣ ትቀናለች፣ “ትላንት የት አደርክ?” ትላለች። ፍቅረኛው አምላክ ነው። ነፍስ አምላኳን የምትፈልገው በዚህ መንገድ ካልሆነ በምን መንገድ ነው? ነውሩን የሚያየው፣ በባላ አነጋገር ከሄድን፣ ነውር ይዞ የመጣ ተመልካች ነው።

በ1975 ባደረገችው ንግግር የዝግጅቱን ቅደም ተከተል ከቤተ መቅደስ ጋር አመሳስላ አስረድታለች። የመጀመሪያዋ አጭር ዳንስ ትልቁ በር ናት። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ አዳራሾቹ ናቸው። ቫርናም የሚባለው ረጅሙና ከባዱ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጀው፣ ወደ መቅደሱ መግቢያ ነው። ከዚያ ግርግሩ ሁሉ ይቀራል። እግሩ ጸጥ ይላል፣ ዘገምተኛዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ይመጣሉ። መቅደስ ውስጥ ብቻህን ከአምላክህ ጋር የቆምክበት ቦታ ማለት ነው። የመጨረሻው ፈጣን ዳንስ የካፉር ጧፍ ሲበራ የሚሰማው ደወልና ጫጫታ ነው። እንግዲህ የፍቅር ዘፈኖቹን አውጡ ያሏት፣ በእሷ ካርታ ላይ መቅደሱን አፍርሱ እንዳሏት ነው።

ሩክሚኒ ዴቪን የታሪኩ ክፉ ሰው ማድረግ ይቀላል፣ ብዙ ቪዲዮዎችም ያደርጉታል። እኔ አይዋጥልኝም። ትምህርት ቤቷ ባይኖር ዳንሱ ስንት ሰው ይደርስ ነበር? ግን ደግሞ ውጤቱን እዩት። የጨዋ ልጆች በገፍ ዳንስ ተማሩ። ለዘመናት ዳንሱን የጠበቁት ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን ከመድረክ አሸሹ። የዴቫዳሲነት ስም እንዳይነሣባቸው።

ባላም ተገፋች። መምህሯ ካንዳፓ በ1941 አረፉ። ጤናዋ ተቃወሰ፣ ሰውነቷ ከበደ፣ ጥሪው ቀነሰ። የ1940ዎቹ መጨረሻ ለእሷ ጨለማ ነበር። ደግነቱ አንድ የሳንስክሪት (የጥንታዊው የህንድ ቋንቋ) ሊቅ፣ ቪ. ራጋቫን፣ አልረሷትም። የሙዚቃ አካዳሚው ጸሐፊ ነበሩና በእሳቸው ድጋፍ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአካዳሚው ውስጥ ማስተማር ጀመረች። በ1955 ብሔራዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሸለማት።

(ምስል፦ የዓለም ካርታ። ቶኪዮ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኤድንብራ።)

ከዚያ ውጭ አገር አገኛት። 1961 ቶኪዮ። 1962 አሜሪካ፣ ጄኮብስ ፒሎው በተባለው የዳንስ ፌስቲቫል። 1963 ኤድንብራ። የፈረንጅ ተመልካች ቋንቋውን አያውቅም፣ ክሪሽናንም አያውቅም። እናት ልጇን ስትጠራ ግን ያውቃል። አሜሪካ ባለው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማረች፣ ሁለቱ ወንድሞቿም እዚያው መምህራን ሆኑ። የሚገርመው፣ አገሯ ላይ “ያረጀ ያፈጀ” ተብሎ የተገፋውን አሜሪካኖቹ ልክ እንዳለ ነበር የፈለጉት።

በ1973 የማድራስ ሙዚቃ አካዳሚ ሳንጊታ ካላኒዲ የሚባለውን ትልቁን ማዕረግ ሰጣት። ይህ የሙዚቀኞች ማዕረግ ነው። ዳንሰኛ ሆና ያገኘችው እሷ ብቻ ናት። ለእኔ ከሽልማቶቿ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ዳንሷ ከሙዚቃው ተለይቶ አይታይም ነበርና።

በ1976 ሳትያጂት ሬይ በስሟ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠራላት። ታላቁ የቤንጋል ፊልም ሠሪ ማለት ነው። በልጅነቱ ካልካታ ላይ ሲያያት ገና ወጣት ነበረች። ሲቀርጻት 58 ዓመቷ። ባሕር ዳር ነፋሱ ልብሷን እያራገበው ያንኑ የክሪሽናን ዘፈን ትደንሳለች። ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ጥራቱ እንደ ነገሩ ነው፣ እናንተ ግን ፊቷን ብቻ ተከተሉ።

ባላ በየካቲት 1984 አረፈች። ልጇ ላክሽሚ ዳንሱን ተረክባ እስከ 2001 ቆየች፣ ከዚያ ወደ ልጅ ልጇ አኒሩዳ ተሻገረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ልጅ ተረከበው ማለት ነው።

ባራታናትያም ዛሬ ከቶሮንቶ እስከ ሲንጋፖር ይማሩታል። ወላጆች ለልጃቸው የመጀመሪያ መድረክ አዳራሽ ይከራያሉ፣ ሙዚቀኛ ያስመጣሉ፣ ወጪው ከሠርግ አይተናነስም። ቼናይ በየዲሴምበሩ በዳንስና በሙዚቃ ትናወጣለች። በእነዚያ መድረኮች ላይ ከእነ ባላ ዓይነት ቤተሰብ የመጡ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ከእነሱም አንዳንዶቹ በቅርብ ዓመታት “ዳንሱን ወስዳችሁ እኛን ለምን ተዋችሁን?” እያሉ በአደባባይ መጠየቅ ጀምረዋል። መልሱ ላይ እስካሁን ጭቅጭቅ አለ።