በአንዱ ሽቦ መሐል የገባው አምፖል

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወጋችሁ በኪራይ ቤቴ ጥግ ላይ ስላቋቋምኳት የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ነው። ለአንድ አሮጌ ዴስክና ለሁለት ካርቶን ስሙ ሳይበዛ አይቀርም፤ እኔ ግን እንዲያ ነው የምጠራት።

ስጀምር የተሳሳትኩት በገንዘቡ አመዳደብ ነበር። ካጠራቀምኩት አብዛኛውን ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ ገዛሁበትና ለመለኪያ የተረፈኝ ለርካሿ ቢጫ መልቲሜትር ብቻ በቃ። ለባትሪና የኤሌክትሪክን ፍሰት ለሚገድበው ለሬዚስተር ታማኝ ናት፤ የ10 አምፔር ቀዳዳዋ ግን ፊውዝ ስለሌለው፣ የግድግዳውን 220 ቮልት በእርሷ ለመለካት እጄ አይደፍርም። ዛሬ ብጀምር ኖሮ ደህና መለኪያ አስቀድም ነበር፤ ጫፉ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ፣ 183 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠውን የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል ሽቦ ለማቅለጥ ተራ የ40 ዋት መበየጃ ለጀማሪ ይበቃል።

የቀረውን ዕቃ የሰበሰብኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። አንድ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ስደራደር ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ ይሠራል ብዬ አልሸጥልህም፤ እንደ ብረት ነው የምሸጥልህ» አለኝ። ደግነቱ ይሠራ ነበር፤ አረንጓዴዋን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሳገናኛት ተነሣና 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ሰጠኝ። ይሁን እንጂ ውስጡን ለማየት ጓጉቼ ሶኬቱን እንደነቀልኩ ከፈትኩት። ከመስመሩ የሚሞላው ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ እስከ 310 ቮልት ድረስ ይዞ እንደሚቆይ ያወቅሁት ጣቴ ሲነካው ነው፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ።

ይህን የነገርኳቸው የሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ከሳቁብኝ በኋላ አንድ ነገር አስተማሩኝ፦ ከሚጠገነው ዕቃ ወደ ግድግዳው ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች በአንዱ መሐል የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ማስገባት። ዕቃው ሾርት ከሆነ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ይበራል፣ ከግማሽ አምፔር በታች ብቻም ያሳልፋል፤ ደህና ከሆነ ግን ካፓሲተሩ እስኪሞላ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እንደ ክሩ ሲግል መቋቋሙን አይጨምርምና። ባለ ክሩን ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። አምፖሉ የሚያድነው ዕቃውን እንጂ ሰውን እንዳልሆነም ሰውየው ደጋግመው ነግረውኛል፤ ስለዚህ ካፓሲተሩን በሬዚስተር አራግፌ በመልቲሜትር ሳላረጋግጥ እጄን አላስገባም።

ይህን አምፖል ለመግጠም ለመብራት ገመዱ፣ ለአምፖል መያዣውና ለሚያርፍበት እንጨት ያወጣሁት ከመበየጃው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በየሳምንቱ የምጠቀመው ግን በአምፖሉ ነው። ትናንት የጎረቤቴን ቴፕ ሰካሁበትና አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ፣ አልደበዘዘምም። ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት አራት ዳዮዶቹ አንዱን ጠርጥሬያለሁ፤ ዛሬ ማታ ነቅዬ እለካዋለሁ።