የሥራ ፈጠራ ኮርስ ከወሰዱ በኋላ ፍላጎታቸው ስለሚቀንስ ተማሪዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጥያቄ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ተማሪውን የራሱን ሥራ ለመጀመር ያነሳሳዋል ወይ የሚል ነው። በአገራችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ ኢንተርፕረነርሺፕ ስለሆነ፣ ነገሩ ብዙዎቻችሁን በቀጥታ ይመለከታል።

በእንጀራ ልጀምር። እናቱ ስትጋግር እያየ ላደገ ልጅ መጋገር ቀላል ይመስለዋል፤ ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞሩ ማፍሰስ፣ ዓይን ሲያወጣ መክደን፣ ሲበስል በሰፌድ ማውጣት ነው። «በል፣ ዛሬ አንተ ጋግር» ሲባል ግን ምጣዱ በደንብ ካልተሟሸ ሊጡ ይጣበቅበታል፣ አብሲቱ ካልተስተካከለ ዓይን አያወጣለትም፣ የመጀመሪያው እንጀራም ማሟሻ ሆኖ ይቀራል። በዚያች ሰዓት «ነገም ትጋግራለህ?» ብትሉት ያመነታል። ያም ሆኖ ስለ መጋገር ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ያውቃል።

አንድ ነገር የማድረግ ፍላጎት ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳውን ንድፈ ሐሳብ ባጭሩ ላንሳ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አይሴክ አይዘን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳብራራው፣ አንድ ነገር ለማድረግ ያለን ፍላጎት የሚመነጨው ለነገሩ ካለን አመለካከት፣ የቅርብ ሰዎቻችን ይጠብቁብናል ከምንለው እና «እችለዋለሁ» ከሚል እምነታችን ነው። ትምህርቱ ሊነካቸው ከሚችላቸው አንዱ ይህ ሦስተኛው ነው።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጽፉልን አስተያየት ልምጣ፦ «ኮርሱን ከወሰድኩ ወዲህ የነበረኝም ፍላጎት ጠፋ፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከንቱ ነው።» የመጀመሪያው ሐረግ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ተማሪዎች አነስተኛ ኩባንያ አቋቁመው የሚማሩበትን ፕሮግራም መርምሮ ሥራ የመጀመር ፍላጎታቸው ዝቅ ማለቱን አገኘ። አጥኚዎቹም ተማሪዎቹ ሥራው የሚጠይቀውን ነገር በቅርበት ስላዩ ሊሆን ይችላል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ 73 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በትምህርቱና በፍላጎቱ መካከል ያለው ትስስር አነስተኛ መሆኑንና ተማሪው ቀድሞ የነበረው ፍላጎት ከግምት ሲገባ ጎልቶ እንደማይታይ አሳየ። ብዙ ጊዜ ኮርሱን መርጦ የሚገባው ቀድሞም ሥራ ሊጀምር ያሰበው ነውና። በግዴታ ሲሰጥ ግን ያላሰበውም አብሮ ይማራል፤ ስለዚህ የክፍሉ ፍላጎት በአማካይ ቢቀንስ ሊያስደነግጠን አይገባም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ ስንማር የዶሮ እርባታ ቢዝነስ ፕላን ከቀደሙን ተማሪዎች በፍላሽ ተቀብለን፣ ስሙን ቀይረን አስገባን፤ የአንድ ኩንታል መኖ ዋጋ ስንት እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም። ምጣዱን ሳንነካ ኮርሱን ጨረስን። በኡጋንዳ ግን ተማሪዎች በአንድ የ12 ሳምንት ሥልጠና ውስጥ በቡድን እውነተኛ አነስተኛ ንግድ ይከፍታሉ፣ እየሸጡም ይማራሉ፤ በሥልጠናው ላይ የተደረገ ጥናትም የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የራሳቸውን ንግድ ወደ መጀመር መግባታቸውን አሳይቷል።

ኮርሱን ስትማሩ በእጃችሁ የሸጣችሁት ነገር ካለ፣ ምን እንደነበረና ስንት እንደተረፋችሁ ከቪዲዮው ሥር ጻፉልን፤ ቻናሉንም ሰብስክራይብ አድርጉ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ የላካችሁልንን ሒሳብ አብረን እንሠራዋለን።