መንገዱ ከመቃብሩ ይጀምራል
(ለአስጎብኚነት ሙያ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ የተመራቂ ወላጆችና ቤተሰቦች፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ የአስጎብኚነት መታወቂያችሁን አንገታችሁ ላይ የምታጠልቁ ልጆቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

ስለ ላሊበላና ስለ ፋሲል ግቢ ከእኔ ይልቅ እናንተ አጥንታችኋል። ስለዚህ ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር ልወስዳችሁ ነው የመጣሁት፤ ወደ ደቡባዊ ጃፓን ደሴቶች፣ ወደ ኦኪናዋ፣ ኡራሶኤ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ አንድ ሸንተረር። ይህን ቦታ የመረጥኩት ሥራችሁን ስለሚነካ ነው። ዓለም ሸንተረሩን የሚያውቀው በ1945 የአሜሪካና የጃፓን ጦር ባደረጉት የጥቂት ቀናት ውጊያ ነው። ያስጎበኙኝ የአገሩ ተወላጅ እናት ግን ትረካቸውን የጀመሩት ከዚያ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደው ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ኦኪናዋ የጃፓን አካል ከመሆኗ በፊት የራሷ ነገሥታት፣ የራሷ ቋንቋና የራሷ የባሕር ንግድ የነበራት የሪዩኪዩ መንግሥት ነበረች። ከዚያም በፊት ደሴቲቱ ለሦስት ተከፍላ ትገዛ ነበር፤ ሰሜኑን ሆኩዛን፣ መሐሉን ቹዛን፣ ደቡቡን ናንዛን ይዘውት ነበር። በየኮረብታው በድንጋይ ካብ የታጠረ ምሽግ ነበር፤ የአገሩ ሰው ጉሱኩ ይለዋል። በ1429 ሾ ሃሺ ሦስቱን አንድ አደረገ፤ ዋና ከተማውም ሹሪ ሆነ። ከሹሪ በፊት ግን የመሐሉ ነገሥታት መቀመጫ ኡራሶኤ ነበር። ዛሬ ወደ ሹሪ ከሚጎርፈው ጎብኚ ስንቱ ይህን እንደሚያውቅ እንጃ።

ከእኛ ጋር የነበሩ እንግዶች ገና ከመኪና ሳይወርዱ የጠየቁት ያንን ገደል ነበር፤ አሜሪካዊው የሕክምና ወታደር ቁስለኞችን በገመድ ያወረደበትን። እናትዬዋ «እንደርሳለን» ብለው ፊታቸውን ወደ ሰሜኑ ገደል ግርጌ አዞሩ፤ ወደ ዮዶሬ፣ ወደ ነገሥታቱ መካነ መቃብር።

ዮዶሬ ገደሉን ፈልፍለው ያበጁት መቃብር ነው። በሪዩኪዩ ታሪክ እንደሚነገረው መጀመሪያ ያሠራው በ1261 ንጉሥ ኤይሶ ነው። ከፍ ባለ የድንጋይ ካብ የተከበበ ግቢ አለው፤ በግቢው ውስጥ በገደሉ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሁለት የመቃብር ክፍሎች ይታያሉ። አንደኛው የኤይሶ ነው፤ ሁለተኛው ከእሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የነገሠው የሾ ኔይ ነው። በኤይሶ ክፍል ውስጥ ከቻይና በመጣ አረንጓዴማ ድንጋይ የተሠሩ የአጽም ሣጥኖች አሉ፤ በላያቸው ቡድሃዎች፣ አንበሶችና አበቦች ተቀርጸውባቸዋል። መቃብሩ ታሽጎ ስለሚኖር ጎብኚ አይገባበትም፤ ነገር ግን እዚያው አጠገብ ባለው ሙዚየም ክፍሉን በትክክለኛ መጠኑ አስመስለው ሠርተውታል። ገብታችሁ ቆማችሁ ታዩታላችሁ።

ከጦርነቱ በፊት ወደ ግቢው ለመድረስ ዋሻ በመሰለ ጨለማ በር ማለፍ ግድ ነበር። ከቀን ብርሃን ወደ ጨለማ፣ ከጨለማ ወደ ሙታን ግቢ፤ ያሠሩት ሰዎች አስበውበታል። ጣራው በ1945 ፈረሰ፤ ዛሬ በሩን ስታልፉ ሰማይ ይታያችኋል። አስጎብኚያችን እዚያ ቦታ ላይ ቆም አሉና ዓይናችንን ጨፍነን ጥቂት እርምጃ እንድንሄድ ጠየቁን። ልጆቼ፣ የጠፋን ነገር ለእንግዳ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ስለ ሾ ኔይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ኮረብታ ልብ እሱ ነውና። ትውልዱ ከኡራሶኤ ነው። በ1597 ከኡራሶኤ እስከ ሹሪ ያለውን መንገድ በድንጋይ አስነጠፈና መታሰቢያ ሐውልት አቆመ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1609፣ ሳትሱማ ከሚባለው የደቡባዊ ጃፓን ግዛት ጦር መጣ። የሪዩኪዩ ሰዎች ጠመንጃ የለመደውን ያን ጦር መመከት አልቻሉም፤ ኡራሶኤም ተቃጠለች። ንጉሡ ተማርኮ ወደ ጃፓን ተወሰደ፤ ከሾጉኑ፣ ከጃፓን ወታደራዊ ገዢ ፊት ቀረበ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው ለሳትሱማ ታማኝ እንደሚሆን ምሎ በ1611 ነው። ከሹማምንቱ አንዱ፣ ጃና፣ መሐላውን አልፈርምም ብሎ በሳትሱማ ተሰየፈ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ጌታ ሲገብር ኖረ፤ ለቻይናም ለሳትሱማም። በ1879 ጃፓን ንግሥናውን አጥፍታ ደሴቶቹን ጠቀለለቻቸው።

ሾ ኔይ በ1620 ዮዶሬን አሳደሰ፤ በዚያው ዓመትም ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የሥርወ መንግሥቱ ነገሥታት የሚያርፉት ሹሪ ውስጥ በ1501 በተሠራው በታማኡዱን ነበር። እሱ ለምን ከእነሱ ተለየ? አንዳንዱ አገሩን ስላስደፈረ ከአባቶቹ ጎን መተኛት አፍሮ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የኡራሶኤ ሰው ስለሆነ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ ይላል። እናትዬዋ ሁለቱንም ነገሩን፤ የትኛው እውነት እንደሆነ ግን አልፈረዱም። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም ገና በንግሥናው መጀመሪያ፣ ሽንፈት ሳይደርስበት፣ ያን ድንጋይ ያስነጠፈው ወደ ኡራሶኤ ነው።

ወደ ላይ ወደ ምሽጉ ስንወጣ የቀረው ብዙ አይደለም። በቁፋሮ ከተገኘው ሁሉ እኔን የያዘኝ የጣራ ሸክላ ነው፤ በኮሪያዊ የሸክላ ባለሙያ መሠራቱ የተጻፈበት። ዓመቱ በየስልሳ ዓመቱ በሚደጋገም የዘመን ዑደት ስለተጻፈ ሊቃውንት 1273 ነው፣ 1333 ነው፣ 1393 ነው እየተባባሉ ይከራከራሉ። የሆነው ሆኖ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ለአንድ የደሴት ንጉሥ ጣራ አለበሰ።

አሁን ወደ ጦርነቱ። የሸንተረሩ ሰሜናዊ ጎን ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ደቡባዊ ጎኑ ደግሞ ዘመም ያለ ነው። የጥንቶቹ ነገሥታት የመረጡት ለዚህ ነበር፤ በ1945 የጃፓን ጦርም የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የጃፓን ጦር ዋና መምሪያ ሹሪ ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ነበር፤ የኡራሶኤ ሸንተረር ደግሞ ከሰሜን ለሚመጣ ጠላት የሹሪ መከላከያ ነው። አሜሪካኖች ኤፕሪል 1 ደሴቲቱ ላይ ወርደው ወደ ደቡብ ሲገፉ፣ ጃፓኖች በኮረብታው ሆድ ውስጥ ዋሻ ለዋሻ አያይዘው ጠበቋቸው። ገደሉን በመረብ መሰላል የወጣ ወታደር ጫፉ ላይ ብቅ ሲል ከማዶው ቁልቁለት መትረየስና ሞርታር ይቀበለዋል። ከኤፕሪል 26 እስከ ሜይ 6 ድረስ ያ ጠባብ አናት ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠ።

ዴዝመንድ ዶስ የታየው እዚህ ነው። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት አማኝ ነበር፤ ጠመንጃ አልይዝም ብሎ በሕክምና ወታደርነት ዘመተ። ጓዶቹ ሲያፈገፍጉ እሱ ገደሉ አናት ላይ ቀርቶ ቁስለኞቹን አንድ በአንድ በገመድ አወረደ። የሽልማት ሰነዱ 75 ያህል ሰዎች ይላል። እናትዬዋ ይህን የተናገሩት በአክብሮት ነው፤ አንዲት ቃል አላጎደሉበትም። ከዚያ ግን ወደ ደቡቡ መንደር ዞረው ሌላ ቁጥር ሰጡን፦ በዚያን ጊዜ የኡራሶኤ መንደር ነዋሪ 9,217 ነበር፤ ከእነሱ 4,112 ሞቱ። ዝርያው ተሟጥጦ የጠፋ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሰዎቹ በተፈጥሮ ዋሻዎችና በቤተሰብ መቃብሮቻቸው ውስጥ ተጠልለው ነበር፤ በኦኪናዋ የቤተሰብ መቃብር እንደ ክፍል ሰፊ ነው። ስለ ጀግናው የጠየቁት እንግዶች እዚያ ዝም አሉ። መቃብሩን ቀድመው ስላዩ ነው የገባቸው ብዬ አምናለሁ። አስቀድመው የሰው አገር ውስጥ ገብተዋል፤ ስለዚህ ውጊያው ማን ደጅ ላይ እንደተደረገ አውቀዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት ሰዎች ማሳቸውን ለማረስ አስቀድሞ አጽም መልቀም ነበረባቸው። የለቀሙትን ቀድሞ ይጸልዩበት በነበረ፣ በምሽጉ ውስጥ በሚገኝ ዋሻ አኖሩ፤ በ1952ም መታሰቢያ አቆሙለት። ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ነው፤ ወታደሩም ገበሬውም አብሮ። አጽሙ በኋላ በደሴቲቱ ደቡብ ወዳለው ማቡኒ ወደሚባል ቦታ ተዛወረ። በሌላ በኩል ከጦርነቱ የተረፈውን ምሽግ ለግንባታ ድንጋይ የሚፈልጉ ሰዎች እየፈለጡ ወሰዱት። ይህ ያስቆጨኛል፤ መድፍ ያልጨረሰውን ሥራ ድንጋይ ፈላጭ ሲጨርሰው ማየት ያማል። ዮዶሬ ከጦርነቱ በፊት በተነሱ ፎቶግራፎችና በቁፋሮ ውጤት ተመርቶ ተጠግኗል፤ እድሳቱ የተፈጸመው በ2005 ነው።

እዚያው ምሽጉ ውስጥ የኢሃ ፉዩ መቃብር አለ። የኦኪናዋ ጥናት አባት የሚሉት ሊቅ ነው፤ ከሹሪ በፊት ኡራሶኤ መናገሻ እንደነበረች የጻፈ እሱ ነው። በ1947 ቶኪዮ ውስጥ ሞተ፤ አገሩን ከነፍርስራሿ ለማየት አልታደለም። አጽሙ ወደዚህ የመጣው በ1961 ነው። ለጎብኚ አውቶቡስ የሚመች ቦታ ስላልሆነ ብዙዎች ያልፉታል፤ እናንተ ከደረሳችሁ አትለፉት።

እኛንም የሚነካ ነገር አለ። ኦኪናዋ ላይ ከኡራሶኤ በስተምሥራቅ ባለው ግንባር የተዋጋው የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ነበር፤ በውስጡም 32ኛው ሬጅመንት። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ አባቶቻችን የተመደቡት በዚሁ ሬጅመንት ሥር ነው። ስለ ኦኪናዋ ከነባር ወታደሮቹ አፍ የሰሙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። በቤታችሁ የቃኘው ዘማች አያት ካላችሁ፣ እባካችሁ ቀርባችሁ ጠይቋቸው፤ ጊዜው እያለፈ ነው።

ከሸንተረሩ ጫፍ ወደ ሰሜን ስትመለከቱ በከተማ ቤቶች የተከበበው የፉተንማ የአሜሪካ አየር ማረፊያ ይታያል። ወደ ደቡብ ደግሞ ሹሪ ናት፤ ቤተ መንግሥቷ በ1945 ወደመ፣ በ1992 እንደገና ቆመ፣ በ2019 በእሳት ተቃጠለ፣ አሁን ደግሞ እየተሠራ ነው። የጉብኝቱ መጨረሻ ማቡኒ ነው። እዚያ በ1995 በቆመው የሰላም መታሰቢያ ላይ ከ240,000 በላይ የሟቾች ስም ተቀርጿል፤ ኦኪናዋዊ፣ ጃፓናዊ፣ አሜሪካዊ፣ ኮሪያዊ ሳይባል። ኦኪናዋ ጁን 23 የመታሰቢያ ቀኗ ነው፤ ለዚያ ቀን በየዓመቱ አዲስ የተገኙ ስሞች ይጨመራሉ። በጉልበት ሥራ ተገድደው መጥተው ከሞቱት ኮሪያውያን ግን ስማቸው የተጻፈው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ የቀሩትን የሚፈልጉ ሰዎች እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው።

መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ። አመሰግናለሁ።