ዲስኩን ከመክሰሳችሁ በፊት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

የተጋበዝኩት ስለ ሰርቨር ጥገና በጠቅላላው እንድናገር ነው፤ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ።

ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት፣ ተበላሸ ሲባል የሁላችንም እጅ ወደ ዲስኩ ነው የሚሮጠው። ዲስኩ ይቀየራል፣ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ብልሽት ይመጣል። ደንበኛው ሁለቴ ከፈለ፤ ጥፋተኛው ራም፣ ማሽኑ ሲሠራ ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ግን ከማዘርቦርዱ ንቅንቅ አላለም!

ማስረጃው እኮ ብዙ ጊዜ የከርነሉ ሎግ፣ የሲስተሙ እምብርት የሚጽፈው መዝገብ፣ ላይ ተቀምጧል። ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም 257 መሆን የነበረበትን የፋይል ቁጥር 262401 ሆኖ አገኘሁት አለ እንበል። ቀንሱት፤ 262144 ይመጣል። 18 ሁለቶች ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ የተገለበጠችው አንዲት ቢት፣ አንዲት 0 ወይም 1፣ ብቻ ናት ማለት ነው። በመሞት ላይ ያለ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ሴክተሩን አላነብም ይላል እንጂ አንዲት ቢት መርጦ አይገለብጥም። ቼክሰሙ፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ አብሮት የሚጻፈው ማረጋገጫ ቁጥር፣ ልክ ሆኖ ይዘቱ እንዲህ ከተዛባ ደግሞ ቢቷ የተገለበጠችው ቼክሰሙ ከመሰላቱ በፊት፣ ራም ላይ ሳለች ነው። ከሊኑክስ 5.2 ወዲህ ቢቲአርኤፍኤስ ሜታዳታውን፣ ስለ ፋይሎቹ የሚይዘውን መረጃ፣ ከመጻፉ በፊት ይፈትሻል፤ ስሕተት ካየ ሪድ ኦንሊ ይሆናል፤ ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም። ያዳናችሁን ጠባቂ እኮ ነው «ተበላሸ» እያላችሁ ፎርማት የምታደርጉት!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ራሙ ሳይፈተሽ የጥገና ፕሮግራም ማስኬድ ነው። ፕሮግራሙ የሚያሰላው በዚያው በታመመው ራም አይደለም እንዴ? ጤነኛውን አንብቦ፣ አበላሽቶ፣ መልሶ ይጽፈዋል! ማሽኑን አጥፉ። ዲስኩን ነቅላችሁ ጤነኛ ማሽን ላይ በሪድ ኦንሊ ከፍታችሁ ዳታውን ቅዱ።

ቀጥሎ የታመመው ማሽን ባዮስ፣ ማለትም የማሽኑ መነሻ ቅንብር፣ ገብታችሁ ራሙን በአምራቹ ከፍ ያለ ፍጥነት የሚያስሮጠውን ኤክስኤምፒን አጥፉ። «ማሸጊያው ላይ ፍጥነቱ 3600 ይላል» አትበሉኝ። ለዲዲአር4 ራም የሜሞሪ ደረጃ አውጪው ጄዴክ ያወጣው ደረጃ 3200 ላይ፣ በ1.2 ቮልት ያበቃል፤ ብዙ ጊዜ በ1.35 ቮልት የሚነዳው 3600 ኦቨርክሎክ፣ ከደረጃው በላይ ማስሮጥ፣ ነው። ከዚያ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86+ን ከፍላሽ አስነስታችሁ አሳድሩት። አንድ ስሕተት ከወጣ ወጣ ነው፤ «አንዴ ብቻ እኮ ነው» የሚባል ነገር የለም። ራሞቹን አንድ በአንድ፣ በዚያው ስሎት ፈትኑ፤ ለየብቻ አልፈው አብረው ከወደቁ ፍጥነቱን አውርዱ። ሜምቴስትን ያለፈ ራም ሁሉ ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም።

የዲስኩ ኬብልስ? ዲስኩ ስለ ጤንነቱ በሚይዘው መዝገብ፣ ስማርት፣ ላይ የሲአርሲ ማለትም የዳታ ማስተላለፍ ስሕተት ቁጥር እየጨመረ ከሆነ ተመልከቱት። ሰርቨር የምትገዙ፣ ኢሲሲ ራም ግዙ፤ አንድ ቢት ያርማል፣ ሁለት ከተገለበጠ ያሳውቃል።

ራሙ ከታመመ ወዲህ የተወሰደ ባክአፕም ተጠርጣሪ ነውና በአሮጌው ላይ አትደርቡት።

አመሰግናለሁ።